እቶኑ ሳይከፈት፦ ከብረት ዱቄት የተሠራ ዕቃ ምን ያህል እንደሚያንስና ወዴት እንደሚጣመም አስቀድሞ ማወቅ

ከብረት ዱቄት የተቀረጸ ዕቃ እቶን ሲገባ 47 ሚሊሜትር የነበረው ሲወጣ 40 ሊሆን ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሥራው ራሱ እንዲህ ነው። ሲንተሪንግ ማለት ዱቄቱን ከመቅለጫው በታች በሆነ ሙቀት አቆይቶ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ማጋጠም ነው፤ በመካከላቸው የነበረው ባዶ ቦታ በተዘጋ ቁጥር ዕቃው እያነሰ ይሄዳል። ሸክላ ሠሪ ጭቃው ሲደርቅና ሲቃጠል የሚያንሰውን አስባ ምጣዷን ሰፋ አድርጋ እንደምትጀምር ሁሉ፣ እዚህም ሞልዱ ወይም የማተሚያው ፋይል ተለቅ ብሎ ይጀምራል። ልዩነቱ፣ ይህን ዕቃ የሚረከበው ሰው ካሊፐር ይዞ መጠበቁ ነው።

ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ሁለት ጥያቄዎችን መደባለቅ ነው። አንደኛው «በጠቅላላው ምን ያህል ያንሳል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ሲያንስ ቅርጹን ይጠብቃል ወይስ ይጣመማል?» የሚለው። የመጀመሪያውን ሚዛንና ካልኩሌተር ይመልሱታል። ሁለተኛው የሚመጣው ከልዩነት ነው፦ አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጥ ሲታመቅ፣ ታችኛው ወለል ተይዞ ላይኛው ነፃ ሲሆን፣ የእቶኑ አንዱ ጥግ ከሌላው በልጦ ሲሞቅ። ስለዚህ መጀመሪያ መጠኑን ይጨርሱ፤ ቅርጹ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ገዝቶ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ባለቀለም ስዕል ማግኘቱ አይቀርም፤ መነሻ ቁጥሩ የተሳሳተ ከሆነ ግን ያ ሁሉ ቀለም ከንቱ ነው።

ለምሳሌ የምንይዘው ከ316ኤል የማይዝግ ብረት በሜታል ኢንጀክሽን ሞልዲንግ የሚሠራ ድልድይ መሰል ትንሽ ዕቃ ነው። ሁለት እግር አለው፤ በላያቸው አንድ ጠፍጣፋ ተጋድሟል። ሲያልቅ ርዝመቱ 40 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ተቀርጾ ገና እቶን ያልገባውን ዕቃ ከዚህ በኋላ «ጥሬው» እያልን እንጠራዋለን።

ሚዛን ላይ ይጀምሩ

የሚያስፈልጉዎት ሁለት እፍግታዎች ናቸው፤ ማለትም በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ውስጥ ስንት ግራም ብረት እንዳለ የሚናገሩ ሁለት ቁጥሮች፦ አንዱ ዕቃው እቶን ሲገባ፣ ሌላው ሲወጣ። የብረቱ ክብደት እስካልተለወጠ ድረስ የመግቢያውን እፍግታ ለመውጫው ያካፍሉና የውጤቱን ኪዩብ ሩት ይውሰዱ። የሚያገኙት ቁጥር ያለቀው ርዝመት ከጥሬው ርዝመት ስንት እጅ እንደሆነ ይነግርዎታል።

በምሳሌያችን ዱቄቱ ከጥሬው ይዘት 60% ይይዛል፤ ቀሪው 40% ሰምና ፕላስቲክ የሆነው ማያያዣ ነው። ከእቶን ሲወጣ 97% ብረት ሆኖ 3% ቀዳዳ ይቀርበታል እንበል። 60 ለ97 ሲካፈል 0.619 ነው፤ ኪዩብ ሩቱ 0.852። ዕቃው በርዝመት 14.8% ያንሳል ማለት ነው። 40 ሚሊሜትር እንዲወጣ ሞልዱ 40 ሲካፈል ለ0.852፣ ማለትም 46.95 ሚሊሜትር መሆን አለበት።

ቀላል ይመስላል፤ ወጥመዱ ግን እዚሁ አለ። ጥሬውን ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት የሚመዘነው ዱቄቱ ብቻ አይደለም፤ ማያያዣውም አብሮ ይመዘናል። ሙሉ እፍግታው በኪዩቢክ ሳንቲሜትር 7.95 ግራም የሆነ ብረት 60% ሲይዝ 4.77 ግራም ይሆናል። ማያያዣው በኪዩቢክ ሳንቲሜትር አንድ ግራም ገደማ ቢመዝን 0.40 ይጨመርበታል፤ ሚዛኑ የሚያሳየው 5.17 ነው። ይህን 5.17 ሳያስተካክሉ ወደ ስሌቱ ካስገቡት የሚያገኙት ጥምርታ 0.875 ይሆናል፤ ሞልዱን 45.70 አድርገው ያሠሩና ዕቃው 38.94 ሆኖ ይወጣል። ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ጎደለ። ሞልዱ ደግሞ ጠንካራ ብረት ነው፤ ማስተካከያው ውድ ነው። ስለዚህ የመግቢያው እፍግታ ሁልጊዜ የብረቱ ብቻ ይሁን። ካላመኑ ጥቂት ጥሬዎችን መዝነው ዲባይንዲንጉን ጨርሰው፣ ማለትም ማያያዣውን አስወጥተው፣ እንደገና ይመዝኑ። በልዩነቱ ማያያዣው ስንት እንደነበር ያውቃሉ።

አሁን ቁጥሩን ትንሽ ያንቀሳቅሱትና ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። መውጫው 97% መሆኑ ቀርቶ 96% ቢሆን ዕቃው 40.14 ይወጣል። መግቢያው 60% መሆኑ ቀርቶ 59% ቢሆን ደግሞ 39.78 ይወጣል። አንድ ፐርሰንት መግቢያ ላይ ሲጎድል 0.22 ሚሊሜትር፣ መውጫ ላይ ሲጎድል 0.14 ሚሊሜትር ያስከፍላል። በዚህ የአሠራር ዘዴ በተለምዶ የሚጠበቀው ትክክለኛነት ከ0.3 እስከ 0.5% ሲሆን፣ በ40 ሚሊሜትር ላይ ከ0.12 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ወደላይ ወይም ወደታች ማለት ነው። እንግዲህ የዱቄቱና የማያያዣው ድብልቅ አንድ ፐርሰንት ከተዛባ እቶኑ ገና ሳይበራ የተፈቀደልዎትን ልዩነት ሁሉ ጨርሰዋል። ብዙ ባለሙያ ልኩ ሲበላሽ ቀድሞ የሚጠረጥረው እቶኑን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ድብልቁ የተዘጋጀበትን መዝገብ ነው የምጠይቀው።

አለካክን በተመለከተ አጭር ነገር ላክል። ጥሬውን ውሃ ውስጥ አይመዝኑት፤ ኩብ ወይም ሲሊንደር የሆነ ቀላል ቅርጽ ቀርጸው በማይክሮሜትር ይለኩት። ያለቀውን ግን በአርኪሜደስ ዘዴ በአየርና በውሃ ውስጥ ይመዝኑት። ቀዳዳዎቹ ወደ ውጭ ክፍት ከሆኑ ውሃ ስለሚገባባቸው ቁጥሩ ያታልላል፤ መጀመሪያ በዘይት ወይም በሰም መሞላት አለባቸው። ለክፍት ቀዳዳ አይሶ 2738፣ ለተዘጋ ቀዳዳ አይሶ 3369 ሥርዓቱን በዝርዝር ያስቀምጣሉ። ዱቄት ሲታመቅና ሲንተር ሲደረግ የሚመጣውን የልክ ለውጥ ለመለካት ደግሞ አይሶ 4492 አለ።

ሦስቱ አቅጣጫዎች እኩል አያንሱም

ከላይ ያለው ስሌት በሁሉም አቅጣጫ እኩል መኮማተርን ያስባል። በባይንደር ጄት፣ ማለትም ዱቄቱን በንብርብር እያነጠፉ ማያያዣ እየረጩ በሚያትሙበት ማሽን ከሠሩ፣ ይህ አይሠራም፤ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከጎኑ ይበልጥ ያንሳል። በንብርብሮቹ መካከል ያለው ክፍተት በንብርብሩ ውስጥ ካለው ስለሚለይ ነው።

መፍትሔው ኩብ አትሞ፣ እያንዳንዱን ገጽ ምልክት አድርጎበት፣ ከእቶን በፊትና በኋላ መለካት ነው። ምልክቱን በቀለም አይጻፉት፤ ይቃጠላል። ፋይሉ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ ያድርጉበት። ከዚያ ሦስቱን የርዝመት ጥምርታዎች እርስ በርስ ያባዙ፤ ውጤቱ ከእፍግታዎቹ ጥምርታ ጋር እኩል መምጣት አለበት። ለምሳሌ ሁለቱ ጎኖች 14% ካነሱና የእፍግታው ጥምርታ 0.619 ከሆነ ቁመቱ 16.4% ገደማ ማነስ አለበት። ካሊፐሩ 15% ካሳየ ወይ እፍግታው ወይ ልኬቱ ተሳስቷል። ሒሳቡ ሳይዘጋ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ። ሲዘጋ ደግሞ የማሳደጊያ ቁጥር ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ለየብቻ ይስጡ።

በዳይና በፓንች የሚታመቅ ዕቃ ሌላ ጠባይ አለው። እዚያ የአቅጣጫው ልዩነት ብቻ ሳይሆን የቦታውም ልዩነት አለ፤ ዱቄቱ ከዳዩ ግድግዳ ጋር ስለሚፋተግ ግፊቱ ከፓንቹ በራቀ ቁጥር ይደክማል። ከላይና ከታች ተጭኖ የታመቀ ሲሊንደር ወገቡ ላይ የላላ ነው። የላላው ቦታ ይበልጥ ስለሚኮማተር እንደ ታንግስተን ካርባይድ ብዙ የሚያንስ ነገር ከሆነ ዕቃው ወገቡ ቀጥኖ ይወጣል። ይህን ለመያዝ አንድ ጥሬ ይሠዉ፦ በስስ መጋዝ ከላይ እስከታች ቆራርጠው እያንዳንዱን ቁራጭ ለክተው ይመዝኑ። ከሥራው ሁሉ አሰልቺው ይህ ነው፤ የሚገኘው የእፍግታ ካርታ ግን በኋላ ሲሙሌሽኑ ውስጥ የሚገባው ዋናው ዳታ ነው።

ተራ የብረትና የመዳብ ድብልቅ ከሆነ የሚሠሩት፣ እፍግታው ላይ የተመሠረተው ስሌት ብቻውን አይበቃዎትም። በዚህ ዓይነት ዕቃ የልኩ ለውጥ ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ማነስ ቀርቶ ማበጥ ይሆናል። ሲንተሪንጉ የሚካሄደው 1120 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን መዳቡ 1085 ላይ ይቀልጣል። የቀለጠው መዳብ በብረቱ ቅንጣቶች መካከል ሰርጎ እየገፋ ይለያያቸዋል፤ ዕቃውም ያብጣል። ግራፋይት ሲጨመር እብጠቱ ይቀንሳል። እዚህ የሚተነብየው ኬሚስትሪው ነው፤ የመዳቡን ወይም የግራፋይቱን መጠን በጥቂቱ የለወጠ አቅራቢ ልኩንም ለወጠው ማለት ነው። ልኬቱንም ከምን እንደጀመሩ ይወቁ፦ ጥሬው ከዳዩ ሲወጣ ትንሽ ተስፈንጥሮ ስለሚሰፋ፣ ከዳዩ የሚለካ ለውጥና ከጥሬው የሚለካ ለውጥ አንድ አይደሉም።

ሰዓትና ሙቀት

እስካሁን «97% ይደርሳል እንበል» ብለን አልፈናል። የሚደርስ መሆኑን የሚወስነው ምን ያህል ሙቀት ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየ ነው። ሙቀቱ ከሰዓቱ ይከብዳል። የሂደቱ ማነሳሻ ጉልበት በሞል 300 ኪሎጁል ቢሆን፣ 1340 ዲግሪ የነበረውን 1350 ማድረግ ፍጥነቱን 15% ገደማ ይጨምረዋል። አሥር ዲግሪ ደግሞ በብዙ እቶኖች በመካከልና በጥግ መካከል ያለ ተራ ልዩነት ነው።

ይህን ለመያዝ ጥሩው መሣሪያ ዲላቶሜትር ነው፤ ትንሽ ናሙና እያሞቀ ርዝመቱ እንዴት እንደሚለወጥ በየቅጽበቱ ይመዘግባል። ተመሳሳይ ናሙናዎችን በሦስት የተለያዩ የማሞቂያ ፍጥነቶች ያስኪዱ፤ በደቂቃ 2፣ 5 እና 10 ዲግሪ የተለመደ ምርጫ ነው። መሣሪያው የሚያሳየው ግን መኮማተሩን ብቻ አይደለም፤ ብረቱ ሲሞቅ መስፋቱም አብሮ አለ። 316ኤል 1300 ዲግሪ እስኪደርስ ከ2% በላይ ይሰፋል፤ ይህን ካልቀነሱ መኮማተሩ ከእውነተኛው ያነሰና የዘገየ ይመስላል። ሲቀዘቅዝ በሚመዘገበው መስመር ማረም ይቻላል፤ ያን ጊዜ የሚታየው የሙቀት ለውጥ ብቻ ነውና።

ከዚያ ሦስቱን መስመሮች ወደ አንድ ማምጣት ነው። ሱ እና ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡት ዘዴ ማስተር ሲንተሪንግ ከርቭ ይባላል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ በየአጭር ጊዜው የነበረውን ሙቀት በኬልቪን ይወስዳሉ፤ ማነሳሻ ጉልበቱን በሙቀቱና በጋዝ ቋሚው 8.314 አካፍለው ኔጌቲቩን ኤክስፖኔንሻል ውስጥ ያስገባሉ፤ ያንን ለሙቀቱ ያካፍሉና በጊዜው ርዝመት ያባዙታል። የሁሉም ድምር ዕቃው የተቀበለውን «የሙቀት ሥራ» በአንድ ቁጥር ይገልጻል። ማነሳሻ ጉልበቱን በኤክሴል ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሦስቱ መስመሮች የሚገጣጠሙበትን ይፈልጉ። ከተገጣጠሙ በኋላ የፈለጉትን የእቶን ፕሮግራም አስገብተው መጨረሻ ላይ የሚደርሰውን እፍግታ ማንበብ ይችላሉ።

ዘዴው የተሠራበትን ዱቄት ብቻ ነው የሚያውቀው። የዱቄቱ ቅንጣት መጠን፣ የመግቢያው እፍግታ ወይም የእቶኑ ጋዝ ከተለወጠ መስመሩን እንደገና መሥራት ነው። መካከል ላይ የክሪስታል ለውጥ ካለም መጠንቀቅ ያሻል። ንጹሕ ብረት 912 ዲግሪ ላይ የአተሞቹን አደራደር ሲለውጥ መኮማተሩ በአንዴ ይደክማል። 17-4 ፒኤች በሚባለው የማይዝግ ብረት ደግሞ በተቃራኒው ከ1200 ዲግሪ በላይ ዴልታ ፌራይት ሲፈጠር ይፈጥናል። አንድ መስመር ሁለቱንም ጠባይ በአንድ ማነሳሻ ጉልበት አይገልጽም።

ዲላቶሜትር ከሌለዎት ሥራው አይቆምም። ትንንሽ ኩቦችን በተለያየ ከፍተኛ ሙቀትና የቆይታ ጊዜ እያስገቡ፣ እቶኑ ሲቀዘቅዝ አውጥተው ይለኩ። ጊዜና ጋዝ ይፈጃል፤ ግን ውጤቱ የራስዎ እቶን ውጤት ስለሆነ ከሰው ላቦራቶሪ ከሚመጣ ያማረ መስመር ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቅርጹን የሚያጣምመው ምንድን ነው?

ወደ ድልድያችን እንመለስ። መጠኑ ተሰልቷል፤ አሁን ጠፍጣፋው መካከሉ ላይ ይረግባል ወይ ነው ጥያቄው።

የሩሲያው ፊዚክስ ሊቅ ያኮቭ ፍሬንክል እ.ኤ.አ. በ1945 የቅንጣቶችን መጋጠም እጅግ ዝልግልግ የሆነ ፈሳሽ እንደሚፈስስ አድርጎ ነበር ያሰበው። ለብረት ዝርዝሩ ሌላ ቢሆንም አስተሳሰቡ ለኛ ሥራ ይጠቅማል፦ በዚያ ሙቀት ዕቃው ጠጣር መስሎ ይታያል እንጂ በዝግታ ይፈስሳል። የሚያኮማትረው የቅንጣቶቹ የገጽ ውጥረት ነው፤ ቅንጣቱ ጥቂት ማይክሮን ራዲየስ ሲኖረው ይህ ኃይል ጥቂት መቶ ኪሎፓስካል ይደርሳል። የስበት ድርሻ ግን አነስተኛ ነው። 40 ሚሊሜትር ክፍተት ላይ የተጋደመ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ በራሱ ክብደት የሚደርስበት ከፍተኛ ጫና 14 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ነገር ግን የገጽ ውጥረቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይስባል፤ ስበት ወደታች ብቻ። ትንሽም ቢሆን ወደ አንድ ወገን ስለሚያደላ ቅርጹን የሚያበላሸው እሱ ነው።

የመርገቡ መጠን በክፍተቱ አራተኛ ኃይል ያድጋል፣ በውፍረቱ ካሬ ይቀንሳል። ክፍተቱ ከ20 ወደ 40 ሚሊሜትር ሲሄድ መርገቡ 16 እጥፍ ይሆናል፤ 0.05 ሚሊሜትር የነበረው 0.8 ይደርሳል። ውፍረቱን እጥፍ ማድረግ ግን የሚያድነው ወደ ሩብ በማውረድ ብቻ ነው። ንድፍ አውጪው «ትንሽ እናወፍረው» ሲልዎት ይህን ሒሳብ ያሳዩት፤ እግር መጨመር ወይም ክፍተቱን ማጥበብ ይሻላል።

የእርስዎ ዱቄት ምን ያህል እንደሚረግብ ከመጽሐፍ አያገኙትም። ይህን ያድርጉ፦ አንድ ዓይነት ውፍረት ያላቸውን ጠፍጣፋ ዘንጎች በ20፣ በ30 እና በ40 ሚሊሜትር በተራራቁ የሴራሚክ ድጋፎች ላይ አጋድመው በተለመደው ፕሮግራም ያስገቡ። ሲወጡ መካከላቸው ስንት እንደወረደ ይለኩ። ሦስቱ ቁጥሮች በአራተኛ ኃይል ሕግ ከሄዱ ዝልግልግነቱን ወደኋላ አስልተው ማውጣት ይችላሉ። ረጅሙ ከሕጉ በታች ከረገበ ምናልባት ከታች ያለውን ወለል ነክቷል ወይም ጫፎቹ ድጋፉ ላይ ተይዘዋል፤ እሱን ይተዉት። ለማንኛውም ከውፍረቱ ጋር የሚቀራረብ መርገብ ካዩ ሕጉ አይሠራም።

ሁለተኛው አጣማሚ ፍትጊያ ነው። 46.95 ሚሊሜትር የነበረው ዕቃ 40 እስኪሆን ድረስ እያንዳንዱ ጫፍ በተቀመጠበት ሳህን ላይ 3.5 ሚሊሜትር ገደማ መንሸራተት አለበት። ላይኛው ክፍል ነፃ ነው፤ ታችኛው ይያዛል። ለድልድያችን ውጤቱ እግሮቹን ወደ ውጭ መክፈት ነው። ከባድ ኩብ ከሆነ ደግሞ ታችኛው ጠርዙ ከላይኛው ይሰፋል። ከአንድ ኩብ ላይ የላይኛውንና የታችኛውን ስፋት ለክተው ልዩነቱን ከጻፉ ስለ ፍትጊያው የሚናገር ሌላ ቁጥር አያስፈልግዎትም። ልዩነቱ ካስቸገረ ለስላሳ የአሉሚና ዱቄት ይነስንሱ፤ ካልበቃ ከዚያው ዱቄት የተሠራ፣ አብሮ የሚኮማተር ስስ ሳህን ከሥሩ ያድርጉ። ሳህኑ ይጣላል፤ ዕቃው ይተርፋል። በሁለቱ መካከል አሉሚና ካልነሰነሱ ግን ሁለቱ ተጋጥመው አንድ ሆነው ይወጣሉ።

ሦስተኛው እቶኑ ራሱ ነው፤ ይህን ለማወቅ ከላይ ከታች፣ ከመካከልና ከየጥጉ አንድ አንድ ኩብ አስቀምጦ እፍግታቸውን ማወዳደር በቂ ነው። የሙቀት መለኪያው የሚናገረው የቆመበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው፤ ኩቦቹ ግን የተቀመጡበትን ይናገራሉ።

አሁን ሶፍትዌሩ

እነዚህን ቁጥሮች ከያዙ ሲሙሌሽን ዋጋ ይኖረዋል። አብዛኛው ፕሮግራም ከኋላው ያለው አስተሳሰብ ኪየቭ ውስጥ ቫለሪ ስኮሮኾድ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው፣ ዩጂን ኦሌቭስኪ በ1998 ያስፋፋው ነው፦ ቀዳዳ ያለው ዝልግልግ አካል፣ ውስጡ የሚያኮማትር ውጥረት ያለበት። አባኩስ በሚባለው የሲሙሌሽን ፕሮግራም ላይ ራስዎ መጻፍ ይችላሉ፤ ለባይንደር ጄት ደግሞ እንደ ላይቭ ሲንተር ያሉ ለዚሁ የተዘጋጁ አሉ። የትኛውንም ይምረጡ፣ የሚያስገቡት ያው ነው፦ የእፍግታ ካርታው፣ ከእቶኑ መዝገብ የተወሰደው እውነተኛ የሙቀት ታሪክ፣ ዝልግልግነቱ፣ ስበት ወደየት እንደሚስብ፣ ፍትጊያው። ሰው የሚረሳው የሙቀት ታሪኩን ነው፤ ያዘዙትን ፕሮግራም ያስገባሉ፣ ዕቃው የተቀበለው ግን ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ድልድዩ አይሁን። ሦስቱን ዘንጎች ያስልዎት። ሞዴሉ የለኩትን መርገብ ካላወጣ ስለ ድልድዩ የሚናገረውን ለመስማት ምክንያት የለም።

ካወጣ ወደ ማካካሻው ይሂዱ። ሞዴሉ መካከሉ 0.30 ሚሊሜትር ይረግባል ካለ ጥሬውን በዚያ ቦታ ወደላይ ያጉብጡት፤ ግን በ0.30 አይደለም፣ 0.30 ለ0.852 ተካፍሎ በ0.35 ነው፤ ጥሬው ትልቅ ነውና። ከዚያ የጎበጠውን ቅርጽ እንደገና ያስሉት። ጉብታው ራሱ ክብደቱን የሚሸከምበትን መንገድ ስለሚለውጥ የመጀመሪያው ማካካሻ በትክክል አይመጣም፤ ሁለት ሦስት ዙር ይፈልጋል። በየዙሩ ልዩነቱ ካልጠበበ ዕቃው በማካካሻ አይድንም፤ የሴራሚክ ድጋፍ ይሥሩለት። በእኔ አመለካከት መርገቡ ከተፈቀደው ልዩነት ጥቂት እጥፍ በላይ ሲሆን ከመተንበይ መደገፍ ይረክሳል፤ የሚያካክሱት መጠን ባደገ ቁጥር የዝልግልግነት ቁጥሩ ትንሽ ስህተት አብሮ ያድጋል።

ቁጥሩን ጽፈው ይክፈቱ

እቶኑ ከመከፈቱ በፊት የሚጠብቁትን ልክና የልዩነቱን ስፋት ወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ «ርዝመት 40.00፣ ወደላይ ወይም ወደታች 0.15፤ መካከሉ 0.05 ይረግባል» ብለው። ካዩት በኋላ የሚጻፍ ትንበያ ከውጤቱ ጋር ሁልጊዜ ይስማማል፤ ስለዚህ ምንም አያስተምርም።

ስህተቱ ሲመጣ መጠኑን ብቻ ሳይሆን መልኩን ያንብቡ። ሁሉም ልኮች በአንድ ዓይነት ፐርሰንት ተለቅ ወይም አነስ ካሉ ጥፋቱ ከእፍግታው ወይም ከአጠቃላይ ሙቀቱ ነው፤ ዕቃውን በውሃ ውስጥ መዝነው ይለዩ። እፍግታው በትክክል 97% ሆኖ ልኩ ከሳተ መግቢያው ተዛብቷል። ቁመቱ ብቻ ከሳተ የአቅጣጫው ቁጥር ወይም የስበት ጉዳይ ነው። ታችኛው ብቻ ከሰፋ ፍትጊያ። ስህተቱ ዕቃው እቶን ውስጥ ከተቀመጠበት ቦታ ጋር የሚሄድ ከሆነ እቶኑ፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ዕቃዎች ከተለያዩ ደግሞ ድብልቁ ወይም ቀረጻው። ይህን ለማንበብ እያንዳንዱ ዕቃ የት እንደተቀመጠና ወዴት እንደዞረ መመዝገብ አለበት። ሠራተኛው ትሪውን ሲያወጣ ዕቃዎቹን አንድ ቅርጫት ውስጥ ከገለበጣቸው መረጃው አብሮ ተገልብጧል፤ ይህን ከሥራው በፊት ይንገሩት።

አዲስ የዱቄት ስብስብ ሲገባ ሁሉንም ከመጀመሪያው መሥራት አያስፈልግም። አምስት ኩብና አንድ 30 ሚሊሜትር ዘንግ በሚቀጥለው ጭነት ጥግ ላይ ይጨምሩ። ኩቦቹ በእፍግታና በሦስቱም አቅጣጫ ከድሮው ጋር ከተስማሙ፣ ዘንጉም የድሮውን ያህል ከረገበ፣ የድሮውን የማሳደጊያ ቁጥር ይዘው ይቀጥሉ። ኩቦቹ ተስማምተው ዘንጉ ብቻ ከተለየ የቅንጣቱ መጠን ሳይለወጥ አልቀረምና፣ አቅራቢውን የቅንጣት ስርጭት ወረቀቱን ይጠይቁትና የማካካሻውን ስሌት ብቻ ይድገሙ። ኩቦቹ ከተለዩ ግን ሞልዱን ከመንካትዎ በፊት ሚዛኑን ይመርምሩ።